ባር በር ላይ «መታወቂያ» ሲባል፦ ማን ይጠይቃል? ምንስ ያያል?

ፋይዳ የሚጠየቅበት ቦታ በየጊዜው እየበዛ ነው። አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ይጠየቃል፤ ለሌላም ብዙ አገልግሎት እንዲሁ። ሰውም «ደግሞ እዚህም?» ማለት ጀምሯል። ነገሩ ወደ ባርና ናይት ክለብ በር ሲመጣ ግራ መጋባቱ ይብሳል። የባር ጥበቃ መታወቂያ የመጠየቅ መብት አለው? ካላሳየሁት ሊከለክለኝ ይችላል? በስልኬ ፎቶ ላንሳው ቢለኝስ? አንዱ «የሕግ ግዴታ ነው» ይላል። ሌላው «እሱ ፖሊስ ነው እንዴ?» ይላል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይሻላል።

ሕጉ የሚያናግረው ሻጩን ነው

መነሻው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። ብዙዎቻችን ይህን አዋጅ የምናስታውሰው በቢራ ማስታወቂያ ነው። የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ የጠፋው በዚህ አዋጅ ነው። እዚያው አዋጅ ውስጥ ግን ብዙም ያልተወራለት ሌላ ለውጥ አለ። አልኮል ለመግዛት የሚፈቀደው ዝቅተኛ ዕድሜ ከ18 ወደ 21 ከፍ ብሏል።

ልብ ማለት ያለብን ክልከላው ለማን እንደተነገረ ነው። ሕጉ «ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አትሽጥ» የሚለው ሻጩን ነው። ሻጩ ደግሞ የደንበኛውን ዕድሜ ካላወቀ ይህን መፈጸም አይችልም። ለማወቅ ያለው መንገድ ሁለት ብቻ ነው፤ ፊት አይቶ መገመት ወይም መታወቂያ መጠየቅ። በር ላይ የሚደረገው ማጣራት ከዚህ የመጣ ነው። ቤቱ ከቅጣት ራሱን የሚጠብቅበት መንገድ ነው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ባለቤቱ «ዕድሜህን ካላረጋገጥኩ አልሸጥልህም» ማለት ይችላል። ጥበቃው ወይም ባውንሰሩ ደግሞ ባለቤቱን ወክሎ ይህንኑ በር ላይ ይናገራል። ሥልጣኑ እዚህ ላይ ያበቃል። መታወቂያ ነጥቆ ማስቀረት፣ ኪስ በርብሮ መፈለግ፣ ሰውን አስገድዶ ማቆም አይችልም። ደንበኛው መታወቂያውን አላሳይም ማለት ይችላል፤ ቤቱም አላስገባም ማለት ይችላል። «እሱ ፖሊስ ነው እንዴ?» የሚለው ሰው ትክክል የሚሆነው ጥበቃው ከዚህ መስመር ሲያልፍ ነው።

ካርድ መያዝና 21 መሙላት

በተግባር በር ላይ የሚጠየቀው ምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ «መታወቂያ አለህ?» የሚል ነው። ልጁ ካርዱን ከቦርሳው ብቅ ያደርጋል። ጥበቃው «ግባ» ይላል። ቀኑን ያነበበ የለም።

ይህ ልማድ ካለምክንያት አልመጣም። የቀበሌ መታወቂያ የሚሰጠው 18 ለሞላው ሰው ነው። የአልኮል ዕድሜም 18 በነበረበት ጊዜ ካርድ መያዝ በራሱ ማስረጃ ነበር። መታወቂያ ካለው 18 ሞልቶታል፤ አለቀ። ዕድሜው ወደ 21 ሲያድግ ግን ይህ ስሌት ፈረሰ። የቀበሌ መታወቂያ የያዘ ልጅ 18ም፣ 19ም፣ 20ም ሊሆን ይችላል። ሦስቱም በሕጉ አይፈቀድላቸውም። የጥበቃው ጥያቄ ግን አልተለወጠም፤ ዛሬም «አለህ?» ነው።

ፋይዳ ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ጠራ፤ ይበልጥም ተወሳሰበ። ፋይዳ ከ18 ዓመት በታች ላሉም ይሰጣል። ስለዚህ ፋይዳ መያዝ ስለ ዕድሜ ምንም አይናገርም። የሚናገረው ካርዱ ላይ የተጻፈው የልደት ቀን ነው። እሱን ደግሞ ቆም ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል።

ሌላም ችግር አለ። ወጣቱ ብዙ ጊዜ ካርዱን ይዞ አይወጣም። «ፎቶው ስልኬ ላይ አለ» ይላል። የስልክ ፎቶ ላይ ደግሞ አንድ አኃዝ መቀየር ለማንም የሚከብድ ሥራ አይደለም። ፋይዳ ላይ ያለው ኪውአር ኮድ፣ ማለትም በስልክ ካሜራ የሚነበበው ባለ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ምልክት፣ የተቀመጠው ለዚህ ነው። ካርዱ እውነተኛ መሆኑን ለማጣራት ያገለግላል። በር ላይ የሚያነበው ሰው ከሌለ ግን ከጌጥ አያልፍም።

1997 ወይስ 2005?

ከሁሉም ይልቅ ችላ የተባለው የቀን አቆጣጠሩ ጉዳይ ነው። በየትኛውም አገር ያለ የባር ጥበቃ የልደት ዓመትን ከያዝነው ዓመት ይቀንሳል። እኛ ጋ ግን መጀመሪያ «በየትኛው አቆጣጠር?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ። በዚህ ዓመት 21 የሚሞላው በ1997 ዓ.ም. የተወለደ ነው። በ1999 የተወለደ ልጅ 19 ነው። አሁን ጥበቃው ስልኩን አውጥቶ ቀኑን አየ እንበል። የብዙ ስልክ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 2026 ይላል። 2026 ሲቀነስ 1999፣ 27 ይመጣል። የ19 ዓመት ልጅ በአንድ ስሌት ስህተት የ27 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ይገባል።

ተቃራኒውም አለ። አንዲት ወጣት ፓስፖርት ይዛ መጣች። የልደት ዓመቷ 2005 ይላል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለት ነው። በሐበሻ አቆጣጠር ያሰበ ጥበቃ 2018 ላይ 2005 ሲቀንስ 13 ያገኛል። ይስቅና ይመልሳታል። እሷ ግን የልደት ቀኗ ካለፈ 21 ሞልቷታል። ፓስፖርቷን አገላብጣ ብታስረዳውም ከኋላ ያለው ሰልፍ አይታገስም። ሙዚቃውም አያሰማም።

ፋይዳ የልደት ቀንን በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ስለሚያሳይ ይህን ችግር በእጅጉ ያቃልላል። ለቀረው ደግሞ አሜሪካ ውስጥ መጠጥ ቤቶችና የመጠጥ መደብሮች የሚጠቀሙበት ቀላል ዘዴ አለ። በየቀኑ አንድ ቀን ይለጥፋሉ፤ «ከዚህ ቀን በኋላ የተወለደ አይገዛም» የሚል። ስሌት የለም። የካርዱን ቀን ከተለጠፈው ጋር ማስተያየት ብቻ ነው። እኛ ጋ ሁለት መስመር ያስፈልጋል፤ አንዱ በኢትዮጵያ፣ ሌላው በአውሮፓ አቆጣጠር። አንድ ወረቀትና አንድ ማርከር ይበቃል።

ካርዱ ላይ ያለው ቀንም ሁልጊዜ እርግጠኛ እንዳልሆነ መታወስ አለበት። በአገር አቀፍ ደረጃ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ዛሬ 21 የሚሞላቸው ወጣቶች የተወለዱት ከዚያ በፊት ነው። የብዙዎቹ የልደት ቀን በቤተሰብ ትውስታ ወይም በግምት የተሞላ ነው። ሲወለዱ የተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ልጆች 21 የሚሞላቸው በ2029 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ በር ላይ የሚነበበው ቀን ከፊሉ ግምት መሆኑ አይቀርም።

ለፍተሻ እጅ እናነሳለን፤ ለዕድሜ ግን እንቆጣለን

አዲስ አበባ ውስጥ በር ላይ መቆም አዲስ ነገር አይደለም። ባንክ፣ ሲኒማ፣ ሆቴል፣ የገበያ ማዕከል ስንገባ እጃችንን አንስተን እንፈተሻለን። ሴቶች ወደ ሴት ፈታሿ ዞር ይላሉ፤ ቦርሳቸውን ይከፍታሉ። ማንም አይቀየምም። ገላን የሚነካ ፍተሻ ለምደን ሳለ ሁለት ሰከንድ የሚፈጅ የመታወቂያ ጥያቄ ለምን ያስቆጣናል?

ልዩነቱ ያለው መልእክቱ ላይ ይመስለኛል። ፍተሻ ሁሉንም እኩል ይነካል። ሚኒስትሩም ተማሪውም እጁን ያነሳል። የመታወቂያ ጥያቄ ግን ተመርጦ ነው የሚመጣው። «አንተ ቆይ» ይባላል፤ ጎንህ ያለው ጓደኛህ ያልፋል። ዕድሜ ደግሞ በኛ ባህል ከክብር ጋር የተሳሰረ ነው። «ልጅ ነህ» መባል ቁጥር ብቻ አይደለም። በጓደኞች ፊት፣ ይልቁንም አብራው ከመጣችው ልጅ ፊት ሲሆን ደግሞ ስድብ ይመስላል። «ልጅ ነኝ እንዴ?» የሚለው ቁጣ ከዚህ ይመጣል።

ጥበቃው በበኩሉ ይህን ያውቃል። ደሞዙ ትንሽ ነው። ከፊቱ ያለው ልጅ የማን ልጅ እንደሆነ አያውቅም። ቤቱ የሚኖረው በደንበኛ ነው፤ ደንበኛ አስቀይመህ አባረርክ ተብሎ ከሥራ ሊወጣ ይችላል። ሕጉን በመጣሱ የተባረረ ጥበቃ ግን አላየም። እንግዲህ ለሱ የትኛው ይቀለዋል? ዓይኑን ወደ ሌላ ማዞር። ሕጉ ከላይ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን የሚፈጸመው እዚህ ሰው ትከሻ ላይ ነው። ይህን ሰው ሳይደግፉ ሕጉን ማስከበር የሚቻል አይመስለኝም።

ሌሎች አገሮች ይህን እንዴት ፈቱት?

አሜሪካ የመጠጥ ዕድሜን ለሁሉም ግዛት 21 ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣ ሕግ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ግዛቶቹን አላዘዘም። ዕድሜውን 21 ካላደረጋችሁ ከመንገድ ግንባታ ገንዘባችሁ እቀንሳለሁ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1988 ሁሉም ተስማምተው ነበር። ከዚያ ወዲህ በሩን ጠንካራ ያደረገው የመጠጥ ፈቃድ ነው። ተቆጣጣሪዎች ከ21 ዓመት በታች የሆነ ወጣት ልከው ቤቱን ይፈትናሉ። የሸጠ ቤት ይቀጣል፤ ከደጋገመ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። ፈቃዱ ከጠፋ ቤቱ ይዘጋል። ስለዚህ ባለቤቱ ራሱ ጥበቃውን «ሁሉንም ጠይቅ» ይለዋል።

ዋሽንግተን ዲሲ ዘመድ ጥየቃ የሄደ ሐበሻ ይህን በር ላይ ያገኘዋል። ጸጉሩ ሸብቷል፤ ግን «አይዲ» ይባላል። የቀበሌ መታወቂያ እዚያ አይሠራም፤ ፓስፖርቱ ደግሞ ዘመዱ ቤት ሻንጣ ውስጥ ነው። ይመለሳል። ባውንሰሩ ካርድ ሲሰጡት በባትሪ ያያል፤ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል፤ አንዳንዴም «የልደት ቀንህን ንገረኝ» ይላል። በብዙ ግዛቶች ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው የሚሰጠው መንጃ ፈቃድ ቁመቱ ወደ ላይ ነው፤ የትልቅ ሰው ግን ወደ ጎን። ገና ከሩቅ ይለያል። ሽማግሌውም ወጣቱም እኩል ስለሚጠየቅ ማንም እንደ ስድብ አይወስደውም። የፍተሻው ነገር እንደሆነው ማለት ነው።

ብሪታንያ ሌላ መንገድ ይዛለች። የመጠጥ ዕድሜዋ 18 ነው። ሻጮች ግን ከ25 በታች የሚመስል ሁሉ እንዲጠየቅ የሚል አሠራር አላቸው። ስኮትላንድ ይህን በሕግ ግዴታ አድርጋዋለች። ሰባት ዓመት የተጨመረው የሰው ዓይን ስለሚሳሳት ነው። የ17 ዓመት ልጅ 20 ሊመስል ይችላል፤ 25 የሚመስል ግን ጥቂት ነው። ጥበቃውም «18 አይመስለኝም» ብሎ አይከራከርም፤ «ከ25 በታች ትመስላለህ፣ የቤቱ ደንብ ነው» ይላል። ይህ አባባል ከስድብ ይልቅ ምስጋና ይመስላል። የኛ ዕድሜ 21 ከሆነ፣ ከ28 ወይም ከ30 በታች የሚመስል ሁሉ ይጠየቅ ማለት ይቻላል።

እስራኤል ያለው ታሪክ ግን ማስጠንቀቂያ ነው። እዚያ የመጠጥ ዕድሜ 18 ነው። ቤተ እስራኤላውያን ወጣቶች ለዓመታት የሚያነሱት ቅሬታ አለ። ክለብ በር ላይ «የግል ዝግጅት ነው»፣ «ዕድሜህ አይበቃም»፣ «ስምህ ዝርዝሩ ላይ የለም» ይባላሉ፤ ከኋላቸው የመጣ ነጭ ወጣት ግን ይገባል። በዕብራይስጥ «ሴሌክጽያ» ይሉታል፤ መምረጥ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ሕግ በመዝናኛ ቦታ መግቢያ ላይ በዘርና በትውልድ አገር መለየትን ይከለክላል። ፍርድ ቤት ቀርበው ካሳ የተፈረደባቸው ቤቶችም አሉ። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ጥበቃው «የፈለግሁትን እጠይቃለሁ» የሚል ሥልጣን ካገኘ፣ የዕድሜ ጥያቄ ለሌላ ነገር መሸፈኛ ይሆናል። እኛም አገር ይህ ሊሆን ይችላል። በአለባበስ፣ በንግግር ዘዬ፣ በስም ሰው ሊመለስ ይችላል። ብዙ የቆዩ የቀበሌ መታወቂያዎች ላይ ደግሞ ብሔር ተጽፏል። ዕድሜ ለማየት የተሰጠ ካርድ ሌላም ነገር ያሳያል።

ካርዱ ላይ ያለው ሌላው ነገር

መታወቂያ ላይ የልደት ቀን ብቻ የለም። ሙሉ ስም አለ። ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ ሊኖር ይችላል። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ብቻዋን ወይም ከጓደኛዋ ጋር የመጣች ሴት ካርዷን ለማታውቀው ወንድ ትሰጣለች። ፎቶ ቢያነሳው የት እንደምትኖር ያውቃል። ስልኳንም ያገኛል። ብዙ ሴቶች ካርድ ለመስጠት የሚያመነቱት ዕድሜያቸውን ለመደበቅ አይደለም፤ ይህን ስለሚፈሩ ነው። ፍርሃታቸው ልክ ነው።

በአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ ግዛት ከሐምሌ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተወሰኑ የምሽት መዝናኛ ሰፈሮች መታወቂያን በስካነር ማንበብ ግዴታ ሆኗል። ስካነር ካርዱን አንብቦ በኮምፒውተር የሚያስቀምጥ መሣሪያ ነው። እዚያ የተፈለገው ዕድሜ ብቻ አልነበረም፤ ከመዝናኛ ቤት የታገዱ ጠበኞችን ለመለየትም ነው። ሕጉ ግን የተሰበሰበው መረጃ ከ30 ቀን በላይ እንዳይቆይ ገደብ አስቀምጧል። ገደብ የሌለው ስካነር ማን፣ መቼ፣ የት እንደጠጣ የሚመዘግብ መዝገብ ነው።

በኛም አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። መሠረታዊ ሐሳቡ መረጃ ለተነገረ ዓላማ ብቻ፣ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይሰብሰብ የሚል ነው። የባሩ ዓላማ አንድ ነው፤ ይህ ሰው 21 ሞልቶታል ወይስ አልሞላውም? ለዚህ ማየት ይበቃል። ፎቶ ማንሳት፣ ቁጥሩን ደብተር ላይ መጻፍ፣ ካርዱን እንደ መሥሪያ ቤት በር መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ ባጅ መስጠት ከዓላማው ያልፋል። ደንበኛው የቤት ቁጥሩን በጣቱ ሸፍኖ ቢያሳይ ጥበቃው ሊቆጣ አይገባም። የሚያስፈልገው ፎቶውና ቀኑ ብቻ ነው።

ቴክኖሎጂው ከዚህም የተሻለ ማድረግ ይችላል። ካርዱ ሲነበብ ስምና አድራሻ ሳይወጣ «21 ሞልቶታል» ወይም «አልሞላውም» የሚል መልስ ብቻ መስጠት ይቻላል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2025 በዚህ መንገድ የሚሠራ የዕድሜ ማረጋገጫ መተግበሪያ መሞከር ጀምሯል፤ እሱ በዋናነት የታሰበው ለኢንተርኔት ነው። ፋይዳም በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል። እንዲህ ያለ የ«አዎ» እና የ«አይ» አገልግሎት ቢጨመርበት በር ላይ ያለው ጭቅጭቅ በግማሽ ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ።

21 ራሱ ልክ ነው ወይ?

እዚህ ላይ ሰው ይለያያል። 21ን የሚደግፉ ጤናን ያነሳሉ። አንጎል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ ያድጋል፤ አልኮል በዚያ ዕድሜ የበለጠ ይጎዳል ይላሉ። አሜሪካም ዕድሜውን 21 ካደረገች በኋላ በወጣት አሽከርካሪዎች የሚደርስ የመኪና አደጋ መቀነሱን ይጠቅሳሉ። ተቃዋሚዎች ደግሞ በ18 ዓመቱ የሚመርጥ፣ የሚያገባ፣ ለውትድርና የሚመለመል ሰው አንድ ቢራ መከልከሉ አይገባንም ይላሉ። ጀርመን ቢራና ወይን በ16 ትፈቅዳለች። ስዊድን ባር ውስጥ 18፣ ጠርሙስ ከመንግሥት ሱቅ ለመግዛት ግን 20 ትላለች። ዓለም በዚህ አልተስማማም።

የኔ ሐሳብ የጤናው ወገን ላይ ያደላል። ግን አንድ ስጋት አለኝ። ቁጥጥሩ ባውንሰር ባላቸው ክለቦች ላይ ብቻ ከጠበቀ፣ የ19 ዓመቱ ልጅ መጠጣቱን አይተውም። ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል።

በር የሌለው ቤት

ሌላው ቤት ደግሞ ሩቅ አይደለም። አገራችን ውስጥ አብዛኛው መጠጥ የሚጠጣው ባውንሰር ባለበት ክለብ አይደለም። ግሮሰሪ ውስጥ ነው፤ ጠጅ ቤት፣ ጠላ ቤት፣ አረቄ ቤት ነው። ግሮሰሪ በር ላይ የሚቆም ሰው የለም። የፕላስቲክ ወንበሮቹ እግረኛ መንገድ ላይ ተደርድረዋል። ገብተህ ትቀመጣለህ፤ «ምን ልታዘዝ?» ትባላለህ። አረቄ ቤት ደግሞ መጠጡ ስንት ፐርሰንት አልኮል እንዳለው የሚነግርህ ጠርሙስ እንኳ የለም። ከክለብ በር የተመለሰ ልጅ የሚያርፈው እዚያ ከሆነ፣ ቁጥጥሩ ከቢራ አውጥቶ ወደ ጠንካራው አረቄ ገፋው ማለት ነው።

እንዲህ ባለ ቤት ሕጉ የሚፈጸመው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የሚፈጸመውም በአስተናጋጇ ነው። እሷ ራሷ ብዙ ጊዜ 19 ወይም 20 ዓመቷ ነው። ፊቷ የተቀመጡት አራት ወንዶች ሁለቱ ሞቅ ብሏቸዋል። ደሞዟ ከቁጥር አይገባም፤ የምትኖረው በጉርሻ ነው። «መታወቂያ አሳየኝ» ብላ አንዱን ብታስቀይም ጉርሻው ቀርቶ ስድብ ይተርፋታል። ቅጣቱ በሷ ላይ ካረፈ ደግሞ ከሁለት ወገን ትመታለች። ተቆጣጣሪ ሲመጣ መጠየቅ ያለበት ፈቃዱን የያዘው ባለቤት ነው። አስተናጋጆቹን አሠልጥኗል ወይ? የቀኑ ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጥፏል ወይ? አስተናጋጇ «አልሸጥም» ስትል ከጎኗ ይቆማል ወይ?